ሌንስ ፀሐይን አያበዛም፦ ስለ ህዋ መንኮራኩሮች የፀሐይ ኃይል ለወጣው ጽሑፍ የተጻፈ ማረሚያ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን ለረጅም ዓመታት ከሚከታተሉ የድሬዳዋ አንባቢዎች አንዱ ነኝ፤ በዚሁ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። በቅርቡ በሳይንስ ዓምዳችሁ ስለ መንኮራኩሮች የኃይል ምንጭ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከተማሪዎቼ ጋር ክፍል ውስጥ አንብበነዋል። ስለ ህዋ በተነሣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ሮኬትና ስለ ካሜራ በሚሆንበት አገር፣ መንኮራኩሩ ኤሌክትሪኩን ከየት ያገኛል ብላችሁ መጠየቃችሁ የሚያስመሰግናችሁ ነው። ይሁን እንጂ በጽሑፉ ውስጥ ያሉ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሊታረሙ ይገባል ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። አንደኛው ከማርስ ወዲያ ለሚደረግ ጉዞ የፀሐይ ኃይል እንደማይሠራና የኑክሌር ባትሪ ብቻ እንደሚያዋጣ የሚናገረው ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ ያሳሰበኝ ደግሞ ቀላል ክብደት ያላቸው ብርሃን ሰብሳቢ ሌንሶች የፀሐይን ኃይል ስምንት እጥፍ ያበዛሉ የሚለው ነው።

የመጀመሪያውን በአጭሩ ላንሣ። በምድር ርቀት ላይ፣ ከከባቢ አየር በላይ፣ ፊቱን ወደ ፀሐይ ባዞረ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1361 ዋት ገደማ ብርሃን ያርፋል። ብርሃኑ በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚሳሳ ይህ መጠን ማርስ ላይ ወደ 590፣ ጁፒተር ላይ ወደ 50 ዋት ይወርዳል። 50 ዋት ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሥራ የሚያሠራ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2011 የተወነጨፈችው የናሳ መንኮራኩር ጁኖ በጁላይ 2016 ጁፒተር ደርሳ ሥራዋን የጀመረችው እያንዳንዳቸው 9 ሜትር ገደማ በሚረዝሙ ሦስት የሶላር ክንፎች ነው፤ እዚያ የምታገኘው ኃይል 500 ዋት አካባቢ ቢሆንም ለመሣሪያዎቿ በቅቷል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ ወደሆነችው ወደ ዩሮፓ ጉዞ የጀመረችው ዩሮፓ ክሊፐርም የምትሠራው በፀሐይ ኃይል ነው። ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ30 ሜትር ይበልጣሉ፤ ሦስት የመማሪያ ክፍሎች በአንድ ረድፍ ቢቆሙ የሚይዙትን ርዝመት ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ከማርስ ወዲያ ሶላር ይሠራል፤ የሚጠይቀው ግን ሰፊ ክንፍ ነው። ሰፊ ክንፍ ደግሞ ክብደት አለው፤ በሮኬት ለሚጓዝ ዕቃ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ዋጋ የሚከፈልበት ነው። የብርሃን ሰብሳቢው ሌንስ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

"ያበዛሉ" የሚለው ቃል ተማሪዎቼን እንዴት እንዳሳሳታቸው ስላየሁ በዚህኛው ላይ መቆየት እፈልጋለሁ። አንዲት ተማሪዬ፣ "ቲቸር፣ አንዱ ሌንስ ስምንት እጥፍ የሚያበዛ ከሆነ ሌንስ በሌንስ ላይ ብንደራርብ ከአንድ ሴል የከተማውን መብራት ማግኘት እንችላለን ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ከተጻፈው ቃል በትክክል የሚከተል ነበር፤ ስሕተቱ የእሷ አልነበረም። ሌንስ ኃይል አይፈጥርም። በራሱ ገጽ ላይ ያረፈውን ብርሃን ወደ ጠባብ ቦታ ያሰባስባል እንጂ ፀሐይ በላከችው ላይ አንዲት ዋት አይጨምርም፤ እንዲያውም ከብርሃኑ ጥቂቱን ራሱ አንጸባርቆ ወይም ውጦ ያስቀራል። ለተማሪዎቼ የመለስኩላቸው በአሸንዳ ምሳሌ ነው። ዝናብ ሲመጣ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውኃ በአሸንዳ ወደ አንድ በርሜል የምናስገባ ሰዎች ዝናቡን አላበዛነውም፤ በጣሪያው ላይ የወረደው ውኃ ያው ነው። ያተረፍነው የጣሪያውን ያህል ስፋት ያለው ግቢ በሙሉ በበርሜል ከመሙላት መዳናችንን ነው። በመንኮራኩር ላይ በርሜሉ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ሴሉ ነው፤ ጣሪያውና አሸንዳው ደግሞ ሌንሱ ነው።

በርሜሉ ውድ መሆኑን ካላወቅን የዚህ ሁሉ ድካም ምክንያት አይገባንም። በቤታችን ጣሪያ ላይ የምንሰቅለው ሶላር በአብዛኛው ከሲሊከን የተሠራ ሲሆን፣ በዛሬዎቹ መንኮራኩሮች ላይ የሚገጠሙት ሴሎች ግን እንደ ጋሊየም አርሴናይድ ያሉ ቁሶች በጀርማኒየም ላይ ንብርብር በንብርብር ሆነው የሚሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ንብርብር ከፀሐይ ብርሃን የየራሱን ቀለማት ይወስዳል፤ በዚህም ምክንያት ካረፈባቸው ብርሃን 30 በመቶ ገደማውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ። ዋጋቸው ከቤቱ ሶላር ጋር የሚወዳደር አይደለም። በዚያ ላይ ራቁታቸውን ወደ ህዋ ሊሄዱ አይችሉም። ምድርን በከበበው የጨረር ቀበቶ ውስጥም ሆነ በጁፒተር ዙሪያ በከፍተኛ ፍጥነት የሚመላለሱት ኤሌክትሮኖችና ፕሮቶኖች ሴሉን ቀስ በቀስ ስለሚያደክሙት በላዩ ላይ የመስተዋት ሽፋን ይደረግለታል። መስተዋቱ በወፈረ መጠን ሴሉ ይጠበቃል፣ ክንፉ ግን ይከብዳል። የሴሉ ስፋት ወደ አንድ ስምንተኛ ከወረደ በዚያች ትንሽ ሴል ላይ ወፍራም መስተዋት መለጠፍ በክንፉ ላይ ይህ ነው የሚባል ጭነት አይጨምርም። በእኔ አመለካከት የዚህ ቴክኖሎጂ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ በጽሑፋችሁ ግን አልተነሣም።

እርግጥ ሌንሱ ራሱ ከባድ ቢሆን ኖሮ ትርፉ ሁሉ ተመልሶ ይጠፋ ነበር። መፍትሔው የተገኘው በባሕር ዳርቻ ለመርከቦች አቅጣጫ ለሚያመለክቱ የመብራት ማማዎች ከተሠራ አሮጌ ጥበብ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሬኔል እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ፣ ብርሃንን የሚያጥፈው የሌንሱ ጎባጣ ገጽ እንጂ በመካከሉ ያለው ወፍራም መስተዋት አለመሆኑን ተረድቶ ሆዱን ባዶ አደረገው፤ ገጹንም በደረጃ በደረጃ ከፋፍሎ አሳሳው። መንኮራኩር ላይ የሚገጠመው የፍሬኔል ሌንስ ከመስተዋት ይልቅ ብርሃን ከሚያሳልፍ ሲሊኮን ጎማ ይሠራል፤ ደቃቃ ሸንተረሮች የታተሙበትና እንደ ቅስት የጎበጠ ረዥም ቅጠል ነው። ብርሃኑን በአንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን ከሥሩ በተደረደሩት ሴሎች ላይ በቀጭን መስመር ያሳርፋል።

ይህ ዓይነቱ ክንፍ መጀመሪያ የተጫነበት ሳተላይት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1995 ሮኬቱ በመክሸፉ ምሕዋር ሳይደርስ ጠፋ። ሥራው ግን አልቆመም። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1998፣ ዲፕ ስፔስ 1 የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ስካርሌት የሚል ስም የተሰጠውን የተሻሻለ ክንፍ ይዛ ተነሣች። በክንፎቿ ላይ 720 የፍሬኔል ሌንሶች ነበሩ፤ በምድር ርቀት ላይ 2500 ዋት ገደማ ያመነጩ ነበር። ይህ ኃይል በዋናነት የሚውለው ለአዮን ሞተሯ ነው። የአዮን ሞተር ዜኖን የተባለውን ጋዝ በኤሌክትሪክ ኃይል እያስፈነጠረ የሚገፋ ሞተር ሲሆን፣ ግፊቱ በመዳፋችን ላይ የተቀመጠች አንዲት ወረቀት ከምታሳድርብን ክብደት ብዙ አይበልጥም። ነገር ግን ያለማቋረጥ ይገፋል፤ በዚያች መንኮራኩር ላይ ከ16,000 ሰዓት በላይ ሠርቷል። ዲፕ ስፔስ 1 በጁላይ 1999 ብሬይል በተባለው አስትሮይድ አጠገብ አልፋ፣ በሴፕቴምበር 2001 ደግሞ ቦሬሊ የተባለውን ጅራታም ኮከብ በቅርብ ፎቶ አንሥታለች። እነዚህን ዓመታት ሁሉ ያንቀሳቀሳት በጎማ ሌንስ የተሰበሰበ የፀሐይ ብርሃን ነበር።

የስካርሌት ሌንሶች ቅርጻቸውን እንዲጠብቁ በስስ መስተዋት ላይ የተለጠፉ ነበሩ። ከእሱ በኋላ የመጣው ትውልድ መስተዋቱን አስወግዶ የሲሊኮኑን ቅጠል በሁለት ጫፎቹ ባሉ ቅስቶች መካከል እንዲወጠር አደረገው፤ 8.5 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋው ሌንስ ብርሃኑን 1 ሴንቲ ሜትር በሚሰፋ ሴል ላይ ያሳርፋል። ይህንን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ከቀፊራ ገበያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሻጮቹ የሚዘረጉት ጃንጥላ ጥቂት ቀጫጭን አጥንቶችና አንድ የተወጠረ ጨርቅ ነው፤ ሲታጠፍ ክንድ አያህልም፣ ሲዘረጋ ግን ሰውና ዕቃ ያስጠልላል። የተወጠረው ሌንስም ሮኬቱ ውስጥ ተኝቶ ይሄድና ህዋ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ነፋስም ዝናብም በሌለበት ቦታ የወረቀት ያህል የሳሳ ቅጠል ቅርጹን ጠብቆ ለመኖር ከዚያ የበለጠ ድጋፍ አያስፈልገውም። ይህ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ2011 በተወነጨፈው ታክሳት 4 በተባለ ሳተላይት ላይ ለሙከራ ተጭኖ ነበር።

አሁን ወደ ጁፒተር እንመለስ። አንዳንድ ሴሎች ብርሃኑ በጣም ሲደክምና ቅዝቃዜው ሲበረታ የብርሃኑ መቀነስ ከሚያስከትለው በላይ ይደክማሉ፤ ማለትም ከደካማው ብርሃን እንኳን የሚገባቸውን ድርሻ መለወጥ ያቅታቸዋል። በጁፒተር ያለውን 50 ዋት በስምንት እጥፍ ብናሰባስበው ግን ሴሉ ላይ በካሬ ሜትር 400 ዋት ያህል ያርፋል፤ ይህም ሴሉ ጁፒተር ዘንድ ሆኖ ከማርስ እጅግ ባልራቀ ብርሃን ውስጥ እንዲሠራ ያደርገዋል። የክንፉ ጠቅላላ ስፋት ግን አልቀነሰም። ጣሪያው ያው ጣሪያ ነው፤ የተሻሻለው የበርሜሉ ሁኔታ ነው። አንባቢ ይህን ልዩነት ከያዘ ስለዚህ ቴክኖሎጂ የሚጻፈውን ሁሉ ያለ ችግር ይረዳዋል፤ ካልያዘ ግን ተስፋውም ፍርሃቱም የተሳሳተ ይሆናል።

ተማሪዎቼ በቃል ብቻ እንዲያምኑኝ ስላልፈለግኩ በትምህርት ቤታችን ዕቃ ግምጃ ቤት ከተጣለ አሮጌ ኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ላይ ሌንሱን አወጣሁ። ጽሑፉ የሚቀመጥበት የፕሮጀክተሩ ጠረጴዛ ከሥሩ ጠፍጣፋ የፕላስቲክ የፍሬኔል ሌንስ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። ከተበላሸ የሶላር ፋኖስ ላይ ትንሽ ሴል ነቅለን ከኤሌክትሪክ መለኪያው ቴስተር ጋር አያያዝናትና በቀትር ሜዳ ላይ ወጣን። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ላይ ስለምትገኝ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር ትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ሙከራውን ያደረግነው በሚያዝያው ነው። ሌንሱን ከትኩረት ነጥቡ ይልቅ ወደ ሴሉ ቀረብ አድርገን ስለያዝነው ብርሃኑ ሴሏን የሚሸፍን ክብ ሆኖ አረፈ፤ በቴስተሩ ላይ የሚታየው ከረንት ወዲያው ከፍ አለ። ጥቂት ቆይቶ ሴሏ ስትግል ቮልቴጁ መውረድ ጀመረ። ሌንሱን የያዘው ልጅ ክንዱ ሲደክመው ብርሃኑ ከሴሏ ጠርዝ አፈገፈገና ከረንቱ ከነበረበት አሽቆለቆለ። ቀጭን ደመና ሲያልፍ ደግሞ ያለ ሌንስ ያስቀመጥነው ሌላው ሴል ከተበተነው የሰማይ ብርሃን ጥቂት ሲያገኝ፣ በሌንስ ሥር ያለችው ግን ከሌንሱ ታገኘው የነበረውን ብልጫ አጣች። በዚያ አንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ተማሪዎቼ የዚህን ቴክኖሎጂ መሐንዲሶች ለዓመታት ያስቸገሩትን ነገሮች አብዛኞቹን በዓይናቸው አዩ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ህዋ ቀዝቃዛ ነውና ሴሉ ራሱን ያቀዘቅዛል የሚል አስተሳሰብ አለ። አየር በሌለበት ግን ሙቀትን የሚወስድ ነፋስ የለም፤ ሙቀቱ የሚወጣው በጨረራ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሴሎቹ ሙቀት በሚያሰራጭ ስስ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ በሴሎቹ ረድፎች መካከል የሚቀረው ሰፊ ባዶ ቦታም የሙቀት መውጫ ይሆናል። በምድር ላይ ብርሃንን ብዙ መቶ እጥፍ የሚያሰባስቡ የኃይል ጣቢያዎች እያሉ መንኮራኩሮች ሰባትና ስምንት እጥፍ ላይ የቆሙበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት አቅጣጫ ነው። መደበኛ የሶላር ክንፍ ከፀሐይ ጥቂት ዲግሪ ቢያዘነብል የሚያጣው ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ሌንስ ያለው ክንፍ ግን በሁለትና ሦስት ዲግሪ ስሕተት ብርሃኑ ከሴሉ ላይ መውረድ ይጀምራል። የተመረጠው የመስመር ሌንስ በርዝመቱ አቅጣጫ የሚመጣን ስሕተት ይታገሣል፤ በስፋቱ በኩል ግን ትዕግሥቱ አጭር ነው። ዲፕ ስፔስ 1 በኖቬምበር 1999 አቅጣጫዋን በከዋክብት የምታውቅበት መሣሪያ ሲበላሽባት የብዙዎቹ ግምት ጉዞዋ አበቃ የሚል ሊሆን ይችል ነበር። መንኮራኩሯ ግን በፀሐይ ጠቋሚ መሣሪያዋ ፊቷን ወደ ፀሐይ አድርጋ ኤሌክትሪክ ሳታጣ ቆየች፤ በዚህ መካከል መሐንዲሶቹ የሳይንስ ካሜራዋ የከዋክብት ጠቋሚውን ሥራ እንዲሠራ የሚያደርግ አዲስ ፕሮግራም አዘጋጅተው በ2000 አጋማሽ ላኩላት። ቦሬሊን ፎቶ ያነሣችው ከዚህ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በነገርኳቸው ቁጥር ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ እኔንም እስካሁን ልቤን ይነካኛል።

የድሬዳዋ ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው ችግር ደግሞ አለ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሣው አቧራ በየጣሪያው ላይ ያሉ ሶላሮችን ምን እንደሚያደርግ የሚያጸዳው ሰው ያውቃል። በህዋ አቧራ ባይኖርም እድፍ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1999 መጨረሻ ጀምሮ የተወነጨፉት የመጀመሪያዎቹ የቦይንግ 702 ሳተላይቶች በሌንስ ፈንታ ከክንፎቻቸው ግራና ቀኝ ዘንበል ብለው በቆሙ አንጸባራቂዎች ብርሃን ይሰበስቡ ነበር። ከሳተላይቱ ከራሱ ቁሶች በትነት የወጣው ነገር በአንጸባራቂዎቹ ላይ እየረጋ አደበዘዛቸው፤ ኃይላቸውም ከታሰበው በላይ እየቀነሰ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የተሠሩት ሳተላይቶች ያለ አንጸባራቂ ቀረቡ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ በጨርቅ የሚጠርግ ሰው በሌለበት ስፍራ እንዲህ ዓይነቱ ጉድለት ለሳተላይቱ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው። ጽሑፋችሁ ይህንንም ሳያነሣ ማለፉ ቴክኖሎጂው ያለ ዋጋ የሚገኝ አስመስሎታል።

ቢሆንም አንጸባራቂውን ሁሉም አልተወውም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 ተነሥታ በሴፕቴምበር 2022 ዳይሞርፎስ ከተባለው ትንሽ አስትሮይድ ጋር ሆን ብላ የተጋጨችው የናሳ መንኮራኩር ዳርት፣ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልለው የሚዘረጉ ክንፎች ነበሯት፤ ከክንፏ በትንሽ ክፍል ላይም አዳዲስ ሴሎችና አንጸባራቂ ብርሃን ሰብሳቢዎች ለሙከራ ተገጥመው ነበር። እዚህ ላይ በሐቀኝነት መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ተጠቅልሎ የሚዘረጋው ስስ ክንፍ ራሱ እየቀለለ በመጣ ቁጥር ሌንሱ የሚያስገኘው የክብደት ትርፍ እየጠበበ ይሄዳል። በምድር አቅራቢያ ለሚዞሩ ሳተላይቶች ሌንሱ ይህን ያህል ያስፈልጋል ብዬ አልከራከርም። ጨረር በበረታበትና ብርሃን በደከመበት ቦታ፣ እንዲሁም ብዙ ኃይል ለሚፈልግ የአዮን ሞተር ግን ቦታው አሁንም ክፍት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የዝግጅት ክፍላችሁን የምጠይቀው በሚቀጥለው እትም ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች እንድታርሙልን ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ከቻይና ስትወነጨፍ ተማሪዎቼ ስለ ካሜራዋ ብዙ ሰምተው ነበር፤ ያንን ካሜራ ስለሚያሠራው የፀሐይ ክንፍ የነገራቸው ግን አልነበረም። እነዚህ ልጆች ከፀሐይ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። የሌንስ ሥራ ደግሞ ትልቅ ፋብሪካ ከሚጠይቁት የህዋ ሥራዎች ወገን አይደለም፤ መነሻው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ሴልና ቴስተር ነው።

ይህን ለሚያነቡ መምህራንም አንድ ልመና አለኝ። ዘመናዊው ፕሮጀክተር ከመጣ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ግምጃ ቤት የተከማቹት ኦቨርሄድ ፕሮጀክተሮች እንደ ቁራሊዮ ከመሸጣቸው በፊት ሌንሳቸው ይውጣ። ሲያወጡት የገመዱ ሶኬት መነቀሉን ያረጋግጡ። ሌንሱን ከፀሐይ ውጪ በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኖ ያስቀምጡት፤ እኛ ዘንድ ሳይሸፈን በመስኮት አጠገብ የተረሳ አንድ ሌንስ ጣውላ ጠረጴዛ አቃጥሏል። ተማሪዎች ወደ ብርሃኑ መሰብሰቢያ ነጥብ በባዶ ዓይን እንዳይመለከቱና እጃቸውን እንዳያስገቡ አስቀድሞ ይነገራቸው። ከዚያ በኋላ ከአንድ ሴል ጋር ሜዳ ላይ ይውጡና መጀመሪያ ያለ ሌንስ፣ ቀጥሎም በሌንስ ይለኩ፤ የሌንሱን ስፋትና የሴሉን ስፋትም ጎን ለጎን ይጻፉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የፊዚክስ መምህር
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ